ኪኒኑን ያልሸጠችልኝን ፋርማሲስት ላመስግናት

ስሟን እንዳልጽፍ አስጠንቅቃኛለች። "ሥራዬን ነው የሠራሁት ጋሼ፤ ስሜ ምን ያደርጋል?" አለችኝ። እሺ ብያለሁ። ምስጋናውን ግን በሆዴ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። ሆዴ ደግሞ ለራሱ የማይበቃ ሆድ ነው፤ አሁን ትሰማላችሁ።

ከምግብ ጋር መጠጣት እወዳለሁ። ብዙ አይደለም። ቅዳሜና እሁድ ማታ ወይ ወዳጅ ሲመጣ፣ ሁለት ብርጭቆ ወይን ወይም ሁለት ቢራ። እሺ፣ አንዳንዴ ሦስት። (ፋርማሲስቷ ፊትም መጀመሪያ "ሁለት" ነበር ያልኩት። ዓይኗን አይቼ አረምኩት።) ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ከእራት በተነሣሁ ቁጥር ሆዴ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ያስገሳኛል፣ ቃሩ እስከ ጉሮሮዬ ይመጣል፣ ሌሊቱን ስገላበጥ አድራለሁ።

አንድ ወዳጄ "መድኃኒቱ እኔ ጋ ነው" አለኝ። የምግብ መፍጫ ኢንዛይም። "ከመጠጣትህ በፊት ሁለት ዋጥ አድርግ። ምግቡንም አልኮሉንም ትፈጭልሃለች። ሀንጎቨር የሚባል ነገር ትረሳለህ።" ከብልቃጡ ግማሹን ወስዶ የቀረውን ከነብልቃጡ ሰጠኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ ያለ መሰለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስተኛው ብርጭቆ አራተኛ ወለደ፤ ኪኒኗ አለችልኝ ብዬ ነዋ! ለጠየቀኝ ሁሉ "ተሽሎኛል" እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ኪኒኑ ሲያልቅ ባዶውን ብልቃጥ ይዤ ፋርማሲ ገባሁ። "እንደዚህ ያለ አላችሁ?" መደርደሪያው ላይ ይታየኛል። እጇን ዘርግታ ማውረድ ብቻ ነበር የቀራት። እሷ ግን ብልቃጡን ገልብጣ ጀርባው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ጀመረች። ከዚያ ቀና ብላ "ለምንድን ነው የሚወስዱት?" አለችኝ።

ዕድሜዬ አርባ ስምንት ነው። እስከዛሬ ያለ ማዘዣ ስገዛ "ለምን?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። "ስንት ይሁንልህ?" ብሎ የጠየቀኝ ግን ሞልቷል።

ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። ወረቀት ስባ ሦስት መስመር ጻፈች። አሚሌዝ ለስታርች፣ ፕሮቲየዝ ለፕሮቲን፣ ላይፔዝ ለስብ። ወረቀቱ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። "እርስዎ ብልቃጥ ውስጥ ያሉት ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። እያንዳንዱ የሚሠራው የራሱን ሥራ ብቻ ነው። አልኮሉ የቱ ጋ አለ?"

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። የለም።

አልኮል መፈጨት የሚያስፈልገው ነገር አይደለም አለችኝ። ቅንጣቱ በጣም ትንሽ ስለሆነች እንዳለች ወደ ደም ትገባለች። አንድ አምስተኛው ያህል ከጨጓራ፣ የቀረው ከትንሹ አንጀት። የሚሰባብረው ጉበት ነው። ጉበት መጀመሪያ አልኮሉን ወደ አሴታልዲሃይድ ይቀይረዋል፤ ይሄ ራሱ መርዝ ነው። ከዚያ መርዙን ወደ አሴቴት ይቀይረዋል፤ እሱ ብዙ አይጎዳም። ሁለቱንም ሥራ የሚሠሩት ኢንዛይሞች ናቸው። እዚህ ላይ "ይኸው! ኢንዛይም ነው አላልኩሽም?" አልኩ፣ የረታሁ መስሎኝ።

"ነው። ግን ጉበት ሕዋስ ውስጥ ያለ ሌላ ኢንዛይም ነው፤ ብልቃጡ ውስጥ የለም። ቢኖርም ኢንዛይም ራሱ ፕሮቲን ነው። ቢውጡት እንደበሉት ሥጋ ተፈጭቶ ያልቃል እንጂ ጉበትዎ ጋ አይደርስም።"

ከዚያ ሒሳቡን አወጣችልኝ። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ንጹሕ አልኮል ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል አለ። ስለዚህ አንዷ ቢራ ብቻ ከሰዓት በላይ ትፈጃለች። ቡና አያፈጥነውም፣ ቀዝቃዛ ሻወር አያፈጥነውም፣ ኪኒኑም አያፈጥነውም። ከምግብ ጋር መጠጣት ያለው ጥቅም ሌላ ነው፤ ጨጓራ በምግብ ሲሞላ አልኮሉን ቀስ እያለ ነው ወደ አንጀት የሚለቀው፣ ስለዚህ ደም ውስጥ በአንዴ አይከመርም። ያንን የሚያደርገው ምግቡ ነው። እኔ ግን ምስጋናውን ለኪኒኑ ስሰጥ ነበር።

በቃ አልገዛም ብዬ ልወጣ ስል አስቆመችኝ። "ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" "አዎ" አልኳት፤ ሐኪሜ ያዘዘልኝ ትንሿ አስፕሪን፣ በየቀኑ። ብልቃጡን እንደገና አዙራ አንድ ቃል በጣቷ አሳየችኝ፤ ብሮሜሌን። ከአናናስ የሚወጣ ፕሮቲን ፈጪ ነው። እንደ አስፕሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር አይጣጣምም፤ ደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል። ከፓፓያ የሚወጣው ፓፔንም ያው ነው። አስፕሪን ላይ አልኮል መጨመሩ ደግሞ ለብቻው ጨጓራን ለመድማት ያጋልጣል። ሦስቱን አንድ ላይ ስወስድ ነበር የከረምኩት። ወዳጄ የሰጠኝ በደግነት ነው፤ እሱ አስፕሪን አይወስድም።

የሆዴ ነገርስ? እዚህ ላይ ነው ሥራዋን ያደነቅሁት። ምክንያቱን ልትገምትልኝ አልፈለገችም። "ለሦስት ሳምንት ይጻፉ" አለችኝ፤ ምን እንደበላሁ፣ ምን ያህል እንደጠጣሁ፣ በስንት ሰዓት እንደተኛሁ። ደብተር ገዛሁ። ትዳር ከያዝኩ ወዲህ እንዲህ በየቀኑ የተቆጣጠረኝ ነገር የለም።

በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። አብረን አነበብነው። ቢራ የጠጣሁ ቀን ሆዴ ይነፋል፤ ጋዙ ነው። በልቼ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተኛሁ ቀን ቃሩ ይገድለኛል፤ አልኮል በጨጓራና በምግብ ቧንቧ መካከል ያለውን በር ያላላዋል፣ እኔ ደግሞ ተጋድሜ አሲዱን ወደ ላይ እጋብዘዋለሁ። ቅባት የበዛበት እራት ላይ ወይን የደረብኩ ሌሊት "ምግቡ አልወርድ አለኝ" ብዬ ጽፌያለሁ። ለዚህኛው አንድ ጥናት ነገረችኝ፤ ቤት ገብቼ ፈልጌ አነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ነው። ዙሪክ ውስጥ 20 ጤነኛ ሰዎች ቀልጦ የቀረበ አይብ በሉ፤ ከአይቡ ጋር አንድ ቀን ነጭ ወይን፣ ሌላ ቀን ሻይ ጠጡ። ወይን የጠጡ ቀን ምግቡ ከጨጓራቸው የወረደው ቀስ ብሎ ነው። ከበላ በኋላ "ለመፍጨት" ብሎ ጠንካራ መጠጥ የሚደርብ ወዳጅ ካላችሁ ይሄንን ንገሩት፤ እዚያው ጥናት ላይ እሱም አዘገየው እንጂ አላፈጠነውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ኢንዛይም ያስፈልገኝ ኖሯል። ወተት የገባበት ጣፋጭ በበላሁ ቀንና ክሬም ያለበት ሊከር በጠጣሁ ቀን ሆዴ ጮኋል። ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር አልስማማኝ ብሏል። ለዚህ ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ከወተቱ ጋር ሲወሰድ ይሠራል። "ከፈለጉ ይሄን እሸጥልዎታለሁ፤ ወይም ጣፋጩን ይተዉት" አለችኝ። ጣፋጩን ተውኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ሳትሸጥልኝ ቀረች።

እስካሁን ያለው የእኔ ነው፤ ቀላሉ። ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የወንድምጋሼ ጉዳይ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ለብዙ ዓመት ጠጪ ነበር፤ ሲጋራም ያጨሳል። እሱም ከሌላ ቦታ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ያንኑ ዓይነት ኢንዛይም እየገዛ አንድ ዓመት ሙሉ ውጧል። አንድም ሰው አልጠየቀውም። የእኔን ታሪክ ስነግረው "እንግዲያው እኔንም ውሰደኝ" አለ። ወሰድኩት።

አጥንቱ የወጣውን ጉንጩን አየችው። "ከስተዋል እንዴ?" አለችው። ልብሱ ሁሉ ሰፍቶታል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ሰገራው ጠየቀችው። ወንድሜ ኮስታራ ሰው ነው፤ እኔ ደነገጥኩ። እሱ ግን መለሰላት። የገረጣ፣ ቅባት ያለው፣ የሚንሳፈፍ፣ በውሃ ተገፍቶ የማይሄድ፣ ሽታው የከበደ። ብዕሯን አስቀመጠች። "ይሄ ከእኔ በላይ ነው። ነገ ዛሬ ሳይሉ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ቆሽቴን እዩልኝ ይበሉ።"

ቆሽት። እኛ ስሙን የምናነሣው ስንናደድ ነው። "ቆሽቴ አረረ" እንላለን። ለካ እውነትም ያርራል። የምግብ ኢንዛይሞቻችንን በብዛት የሚያመርተው እሱ ነው፤ ኢንሱሊንም ከእሱ ነው የሚመጣው። ለዓመታት በብዛት መጠጣት ሥር ለሰደደ የቆሽት ብግነት ከዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ሲጋራ ደግሞ ያባብሰዋል። ክፋቱ ዘግይቶ መናገሩ ነው። ላይፔዝ የማምረት አቅሙ 90 በመቶ ያህል እስኪጠፋ ድረስ ስቡ ሰገራ ላይ ላይታይ ይችላል።

ሐኪሙ በሰገራ ውስጥ ኢላስቴዝ የሚባለውን የቆሽት ኢንዛይም ለካ። በአንድ ግራም ከ200 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ቆሽቱ በቂ ኢንዛይም እያመረተ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። የወንድሜ ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። ምስልም ተነሣ። ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት።

አሁን ኢንዛይም ይወስዳል። የታዘዘለት፣ በላይፔዝ መጠን የተለካ፣ ከአሳማ ቆሽት የሚሠራ። አሳማ የማይበላ ሰው ይሄን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ እሷም ሳይጠይቃት ነግራዋለች። አወሳሰዱንም ያስተማረችው እሷ ናት። ካፕሱሉ አይታኘክም፣ ምክንያቱም ሽፋኑ ከጨጓራ አሲድ ይጠብቀዋል። የሚዋጠው መብላት ሲጀምር ነው፤ እራቱ ረዘም ካለ የተወሰነውን መሃል ላይ። በልቶ ከጨረሰ በኋላ መዋጥ ምግቡ ካመለጠ በኋላ መሮጥ ነው። ስብ ውስጥ የሚሟሙት ቫይታሚኖች፣ ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ፣ ይመረመሩለታል። ስኳሩንም ይለካል።

አንድ ቀን "ታዲያ አሁን ኢንዛይሙን እየወሰድኩ አንዲት ብርጭቆስ?" ብሎ ሞከራት። "ካፕሱሉ ምግብዎን ይፈጫል። ቆሽትዎን ከአልኮል አያድነውም" አለችው። ሐኪሙም ያለው ያንኑ ነው፤ አንድም ጠብታ አይቻልም። ሰባት ወር ሆኖታል።

ይሄ ጥቆማ ስለሆነ ጉድለቷንም ልናገር። ወረፋዋ አይንቀሳቀስም። አንዱን ሰው ሩብ ሰዓት ታናግራለች፤ ከኋላ የቆመው ያጉረመርማል፤ እኔም ሌላ ቀን ከአጉረምራሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። ፈጠን ብላም ታወራለች፤ ደግማ እንድትናገር መጠየቅ አያሳፍርም። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሂዱ።

ስሟን ስለከለከለችኝ የምጠቁማችሁ አሠራሯን ነው። አጠገባችሁ ያለ ፋርማሲስት ለምን እንደምትወስዱ፣ ሌላ ምን እንደምትወስዱ ከጠየቃችሁ፣ የብልቃጡን ጀርባ ካነበበ፣ "ይሄ አያስፈልግዎትም" ማለት ከቻለ፣ እሱን አትልቀቁት። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ደግሞ በጥርጣሬ እዩት። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ሰፕሊመንት፣ ማለትም እንደ እኔ ኪኒን ያለ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ማሟያ፣ ከመሸጡ በፊት እንደሚሠራ ለመንግሥት ማሳየት አይጠበቅበትም። የወንድሜ ዓይነቱ የታዘዘ መድኃኒት ግን ይጠበቅበታል። ሁለቱም "ኢንዛይም" ተብለው አንድ መደርደሪያ ላይ ያሉ ይመስሉናል።

እኔ አሁን አንድ ብርጭቆ ነኝ፤ ቅዳሜ ብቻ፣ ከእራት ጋር፣ ከመተኛቴ ሦስት ሰዓት ቀደም ብዬ። ደብተሩን አልጣልኩትም።

ባለፈው ሳምንት ወንድምጋሼ ለምስጋና ቤቱ ተከድኖ የቀረውን ውስኪ ሊወስድላት ተነሣ። በስንት ልመና አስጣልኩት። አበባ ይዘን ሄድን። ተቀብላን የአበባውን መጠቅለያ ወረቀት ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየች፤ ከዚያ ወንድሜን ቀና ብላ "ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" አለችው።