ለአርባ ምንጯ የኮፒ ቤት እህታችን፦ እግዜር ይስጥልን

ታናሽ እህቴ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ ቤታችን ደስታና ጭንቀት እኩል ገቡ። በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ያለፉት 8.4 ከመቶ ብቻ ናቸው፤ እሷ ከእነሱ አንዷ ናት። ጭንቀቱ ደግሞ ከዘመድ አዝማድ አንድም ሰው አርባ ምንጭን ረግጦ ስለማያውቅ ነው። እናቴ ወባውን፣ እህቴ ዶርሙን፣ እኔ ከምረቃ በኋላ ያለውን ሥራ እያሰብን ስንት ሌሊት አነጋን።

መጀመሪያ የጠየቅነው ቴሌግራም ላይ ነበር። አንዱ «መረጃ እሰጣለሁ፣ ከፈለጋችሁም ምደባ አስቀይራለሁ» አለና 1,500 ብር ተቀብሎን ጠፋ። ሌላ ቤተሰብ እንዳይሸወድ ነው ይህን የማነሳው። ምደባ በቴሌግራም ብር የሚያስቀይር ሰው የለም።

የመግቢያው ዋዜማ እኔና እሷ የአርባ ምንጭ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ደረስን። ጥሪው ላይ የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ከ9 እስከ 12 ያለው ትራንስክሪፕት ከነኮፒያቸው፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ ይላል። ኮፒውን ሳናስነሳ ነው ከአዲስ አበባ የወጣነው። የባጃጁ ሹፌር ከዋናው ግቢ በር አካባቢ ካሉት ኮፒ ቤቶች አንዷ ጋ አወረደን።

የቤቷ ባለቤት ወጣት ናት። ስሜን እንዳትጽፊ ብላኛለችና አልጽፍም። ወረቀቶቻችንን ተቀብላ ማሽኑ ላይ እያስተካከለች «ፍሬሽ ነሽ?» አለቻት እህቴን። በቃ፣ ወሬው ከዚያ ተከፈተ። አንድ ሰዓት ተኩል ቆየን። በመሃል ስንቱን ደንበኛ ታስተናግዳለች፣ ከዚያ ተመልሳ ያቋረጠችውን ትቀጥላለች።

እሷም እዚያው ግቢ ነው የተማረችው፣ ምህንድስና። እህቴ ስለ ምግቡ ስትጠይቃት «የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካፌ ተመገቢ» አለቻት። «ነን ካፌ ሆነሽ፣ ማለትም በግቢው ምግብ ፋንታ ብሩን ብትወስጂ ምሳ ፍለጋ ስትወጪ ስትገቢ ክላስ ያመልጥሻል። ግቢውን ስትለምጂው ያን ጊዜ ትወስኛለሽ።» ባልዲና ጀሪካን እዚሁ ሲቀላ ይገዛል፣ ከአዲስ አበባ ማንም እንዳይሸከም አለች። እናቴ ያሰረችውን ወፍራም ብርድ ልብስ በእጇ ዳብሳ «እህቴ፣ ይሄን ይዘሽው ተመለሺ። እዚህ የሚያስፈልገው ስስ ነው፣ ከአጎበር ጋር» አለችኝ።

ስለ ወባው ግን እናቴ ራሷ እንድትሰማ ደወልኩላት። ስልኩን ላውድ ላይ አደረግነው። «ልጄ፣ እንዴት ነው ነገሩ?» አለች እናቴ። ልጅቷ አልደባበቀችም። «እማማ፣ ወባ አለ። አጎበር ትዘርጋ። ትኩሳትና ራስ ምታት ሲሰማት ፓራሲታሞል ውጣ አትተኛ፤ የዚያኑ ቀን ግቢው ክሊኒክ ሄዳ ደሟን ትመርመር። እኔ አምስት ዓመት ተማርኩ፣ ሁለቴ ያዘኝ፣ ሁለቴም ታክሜ ዳንኩ።» እናቴ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ተባረኪ፣ እውነቱን ነገርሽኝ» አለቻት። በዚያ ሌሊት እናቴ ተኛች። እኔም ተኛሁ።

እኔን የያዘኝ ግን የሥራው ጥያቄ ነው። እህቴ የውሃ ምህንድስና ነው የምትፈልገው። ግቢውም በ1979 ዓ.ም. የተጀመረው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ስለሆነ ስሙ የወጣበት ትምህርት ነው። «ሥራ ታገኛለች ወይ?» አልኳት በቀጥታ። ልጅቷ መሳቢያዋን ከፍታ ሁለት ሲቪ አወጣች። ሁለቱም የራሷ ናቸው። የመጀመሪያው አንድ ገጽ ነው፤ ዲግሪና ጂፒኤ ብቻ። «ይሄን ይዤ ሁለት ዓመት ዞርኩ» አለች። ሁለተኛው ላይ ሁለት መስመር ተጨምሯል፤ ጂአይኤስና ኦቶካድ፣ ካርታና የምህንድስና ንድፍ የሚሠራባቸው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች። ኮፒ ቤቱን ከከፈተች በኋላ ማታ ማታ በራሷ የተማረቻቸው ናቸው። አሁን ከኮፒው ጎን ለአማካሪ ድርጅቶች ካርታ ትሠራለች። በጣቷ ሁለቱን መስመሮች እየነካች «እኔ ሦስተኛ ዓመት ላይ ብጀምራቸው ኖሮ ሁለት ዓመቱ ይተርፍልኝ ነበር። አንቺ ጀምሪያቸው» አለቻት። እህቴ ስልኳ ላይ ጻፈችው።

ስለ ዲፓርትመንት ምርጫም ያልገባንን አስረዳችን። ገና ሲገባ የፈለጉትን ዲፓርትመንት መያዝ የለም። መጀመሪያ ፍሬሽማን፣ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ነው፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ማትስ። «ሎጂክ ምን ያደርግልኛል ብለሽ እንዳትንቂው። የዲፓርትመንት ውድድሩ ላይ እሱም ይቆጠራል» አለች። የመውጫ ፈተና ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግዴታ ነው። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ሳያልፉ ዲግሪ አይሰጥም። መደርደሪያዋ ላይ ለተመራቂዎች የምትጠርዘው የመውጫ ፈተና ጥያቄ ተቆልሏል። ከየሴሚስተሩ ሃንድአውት አንድም እንዳትጥል መከረቻት፤ ብዙዎቹ መጨረሻው ዓመት ላይ ተመልሰው የሚገዙት የጣሉትን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጆቻችሁ እዚያ ለተመደቡባችሁ። የአርባ ምንጭ ግቢዎች ብዙ ናቸው፤ ዋናው፣ አባያ፣ ጫሞ፣ ኩልፎ፣ ነጭ ሳር። ጤና የሚማሩት ነጭ ሳር ናቸው። የሳውላው ግቢ ደግሞ ጎፋ ዞን ውስጥ፣ ሌላ ከተማ ላይ ነው። የትኛው ግቢ እንደተጠራችሁ ሳታረጋግጡ አውቶቡስ አትሳፈሩ። ይህንንም የነገረችኝ እሷ ናት፤ በስህተት ዋናው ግቢ በር ላይ ሻንጣ ይዘው የሚቆሙ ልጆችን በየዓመቱ እንደምታይ።

ስንጨርስ ሂሳብ ጠየቅኋት። የ14 ገጽ ኮፒ ብቻ አስከፈለችኝ። ትርፍ ብር ስሰጣት ቆጥራ መለሰችልኝ። «ለኔ ያኔ ይሄን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም» አለች።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው እናቴ በየቀኑ ትመርቅሻለች። እናንተ ደግሞ ዋናው ግቢ የምትገቡ ከሆነ ኮፒያችሁን፣ ጥራዛችሁን፣ ፎቶአችሁን እሷ ጋ አሠሩ። በሩ አካባቢ «ካርታ የምትሠራዋ ልጅ ኮፒ ቤት የቱ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ተማሪው ያሳያችኋል። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ጠዋት ወረፋ አለ። ጥያቄያችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፣ እኔ ግማሹን ረስቼ ሁለቴ ነው የተመለስኩት።

ትናንት ማታ ታናሼ ደወለች። የሎጂኩን ሃንድአውት ከእሷ ገዝታለች። አጎበሩንም ዘርግታዋለች።