«አደጋ ደርሶበት አያውቅም» ቢሏችሁ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ይህን የምጽፈው ዴንቨርና አካባቢው ለምትኖሩ፣ የአብራሪነት ላይሰንስ ላወጣችሁ ወይም እየተማራችሁ ላላችሁ ወገኖቼ ነው። «አሮጌ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ለአራት ገዝተን የበረራ ሰዓት እንሙላበት» የሚል ወሬ ደርሷችሁ ከሆነ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኔ ገብቼበት 5,000 ዶላር ቀብድ ተበልቻለሁ። ገንዘቡ ያንገበግበኛል፣ አልዋሽም። እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። ግዢው ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለቱን ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ ልነሳ ነበር።

አውሮፕላኑ የ1979 ስሪት ፓይፐር ሴሚኖል ነው። አራት ሰው ይይዛል። እያንዳንዳቸው 180 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች አሉት። ብዙ ማሰልጠኛዎች ባለ ሁለት ሞተር በረራ የሚያስተምሩት በዚሁ ዓይነት ነው። በዓይነቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በዚህ በአንዱ አውሮፕላንና በተሸጠበት ወሬ ላይ ነው።

ድርሻው ለአንድ ሰው 40,000 ዶላር ነበር። ከሻጩ ጋር ያገናኘን የአገር ልጅ ስለሆነ ብዙም አልጠረጠርኩም። ሻጩ በስልክ ሦስት ነገር ነገረኝ። «አደጋ ደርሶበት አያውቅም። ሞተሮቹ ገና 900 ሰዓት ይቀራቸዋል። ደግሞ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቢጠፋ በሌላው ቤትህ ትገባለህ።» ባለቤቴ ትንሽ አውሮፕላን ትፈራለች። ሦስተኛውን ስነግራት «እንግዲያው እሱ ይሻላል» አለችኝ። በማግስቱ ቀብዱን ላክሁ።

የመጀመሪያውን ነገር ዝም ብዬ አላመንኩም። ጭራው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዤ የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ የአደጋ መዝገብ ውስጥ ፈለግሁ። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው። ምንም አልተገኘም። ደስ አለኝ።

ያኔ ያላወቅሁት ነገር አለ። ቦርዱ «አደጋ» የሚለው ሰው ሲሞት፣ ከባድ ጉዳት ሲደርስበት ወይም አውሮፕላኑ ራሱ ክፉኛ ሲጎዳ ነው። ክፉኛ የሚለው ደግሞ በደንቡ ውስጥ ትርጉም ተሰጥቶታል። የማረፊያ እግር፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ የክንፍ ጫፍ፣ መሬት ላይ የተመታ ፕሮፔለር፣ የተጨረመተ ቆርቆሮ፦ እነዚህ አይቆጠሩም። ስለዚህ እግሩን ሳያወርድ በሆዱ አስፋልት ላይ ያረፈ አውሮፕላን ስሙ ከመዝገቡ ላይገኝ ይችላል። የሚታጠፍ እግር ባላቸው አውሮፕላኖች ላይ ደግሞ ይህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይደለም። አብራሪው እግር ማውረድ ይረሳል፣ ወይም እግሩ አልቆለፍም ይላል።

ቀብዱን በከፈልኩ በአሥረኛው ቀን ሻጩን የማያውቅ መካኒክ ቀጥሬ ይዤ ሄድኩ። ከቀብዱ በፊት ማድረግ የነበረብኝ ይህን ነበር። ሰውየው ሞተሮቹን ገና ሳይነካ ጀርባው ላይ ተንጋሎ ከሆዱ ሥር ገባ። በእጅ ባትሪ ሲያበራ ቆየና ጠራኝ። እኔም ጎኑ ተንጋለልኩ። ከአፍንጫው ወደ ኋላ አንድ ክንድ ተኩል ያህል የሪቬቶቹ (ቆርቆሮውን የያዙት ምስማሮች) ራስ ከሌሎቹ ይለያል። ቀለሙም እዚያ ቦታ ላይ ነጣ ይላል። በጣቴ ስዳብሰው ቆርቆሮው የተቀጠለበት ጠርዝ ይሰማኛል።

ከዚያ ሎግ ቡኮቹን፣ ማለትም የጥገና መዝገብ ደብተሮቹን፣ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቸው። የአውሮፕላኑ ለብቻ፣ የግራው ሞተር ለብቻ፣ የቀኙ ለብቻ፣ የፕሮፔለሮቹ ለብቻ። የፕሮፔለሮቹን ከፈተ። ሁለቱም በ2009 በአንድ ቀን ተቀይረዋል። የሞተሮቹን ከፈተ። በዚያ ወር የተጻፈው «ዘይት ተቀይሯል» የሚል ብቻ ነው። መካኒኩ ጣቱን ከቀኑ ላይ ሳያነሳ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም።

ይህ ለምን ከባድ እንደሆነ ላስረዳ። በሞተር ኃይል እየዞረ ያለ ፕሮፔለር አስፋልት ሲመታ ምቱ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ዘንግ ይሄዳል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ባለ ጥርስ ማርሽና እሱን የያዘው ብሎን ሊሰነጠቅ ይችላል። ከውጭ አይታይም። ሞተሩም ለጊዜው በደንብ ይሠራል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ አየር ላይ ቢሰበር ግን ሞተሩ ያቆማል። የዚህ አውሮፕላን ሞተሮች የላይኮሚንግ ኩባንያ ሥራ ናቸው፤ የላይኮሚንግ ሞተር ፕሮፔለሩ መሬት ከመታ ተከፍቶ ይህ ቦታ እንዲታይ የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍ ኤ ኤ በ2004 በግዴታ መመሪያ አዝዟል። እዚህ አውሮፕላን ላይ መከፈታቸውን የሚያሳይ አንድም መስመር የለም።

ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን በሆዱ ሲያርፍ ሁለቱም ፕሮፔለሮች የሚመቱት በአንድ ቅጽበት ነው። ሁለተኛው ሞተር መጠባበቂያ ነው ተብሎ ነበር የተሸጠልኝ። የተደበቀ ጉዳት ካለ ግን ሁለቱም ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ሻጩን ጠየቅሁት። «ትንሽ ሆዱን ተነክቶ ነበር፣ እሱ አደጋ አይባልም» አለኝ። በመዝገቡ ቋንቋ ልክ ነው። ቀብዴን ጠየቅሁ። የፈረምኩት ወረቀት ላይ «አይመለስም» ይላል። ፈርሜያለሁ።

ስለ ሰዓቱ አጭር ነገር ልበል። ላይኮሚንግ ለዚህ ሞተር ያስቀመጠው የኦቨርሆል (ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈቶ የሚታደስበት) ጊዜ 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት ነው፤ ቀድሞ የመጣው ይቆጠራል። ሻጩ ሰዓቱን ነገረኝ፣ ዓመቱን ግን አልነገረኝም። ሞተሮቹ ለመጨረሻ ጊዜ ኦቨርሆል የተደረጉት በ1998 ነው። ባለፉት አራት ዓመታት በጠቅላላው 31 ሰዓት ብቻ በርሯል። ቆሞ የሚከርም ሞተር በሰዓት አያረጅም፣ በዝገት ነው የሚያረጀው። ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ላይ ያለው ካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ይደርቃል፣ ከዚያ ዝገት ይበላዋል። ለግል የሚበር ሰው በ12 ዓመቱ እንዲያስፈታ ሕግ አያስገድደውም። የሁለት ሞተር ኦቨርሆል ዋጋ ሲደመር ግን ድርሻዬን ሊያህል ምንም አልቀረውም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልምጣ። ባለቤቴን ያሳመናት እሱ ስለሆነ ይበልጥ የምናደድበት እሱ ነው።

ሴሚኖል በሁለቱ ሞተሮች ሙሉ ጭነት ይዞ ከባሕር ወለል ላይ ሲነሳ በደቂቃ 1,340 ጫማ ይወጣል። አንዱ ሲጠፋ የሚወጣው 212 ጫማ ነው። ይህ የአምራቹ ቁጥር ነው። የጠፋው ግማሽ ኃይል ነው፤ የመውጣት አቅሙ ግን ከአምስት እጅ አራት እጅ በላይ ሄዷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንዱ ሞተር የሚሰጠው ጉልበት ከሞላ ጎደል የሚያልቀው አውሮፕላኑን ባለበት ለማቆየት ነው። ወደ ላይ የሚወስደው ትርፉ ነው፣ ትርፉ ደግሞ የነበረው ሁለተኛው ላይ ነው።

ከፍታ ሲጨምር ያቺም ትርፍ ታልቃለች። ሴሚኖል ሙሉ ጭኖ በአንድ ሞተር የመውጣት አቅሙ ከሞላ ጎደል የሚያልቅበት ከፍታ 4,000 ጫማ ገደማ ነው። ዴንቨር ከተማዋ ራሷ 5,280 ጫማ ላይ ናት። በበጋ ሙቀት አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ከዚያም በላይ ያለ ያህል ይሆንበታል። ከአራታችን አንዱ «ወደፊት አገር ቤት ወስደን ቱሪስት እናመላልስበታለን» ይል ነበር። ቦሌ 7,625 ጫማ ነው። ሙሉ የጫነ ሴሚኖል እዚያ ተነስቶ አንድ ሞተር ቢከዳው በሌላው ይወርዳል እንጂ አይወጣም።

ብዙ ሰው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሁሉ በአንዱ መውጣት እንዲችል በሕግ የተገደደ ይመስለዋል። ለመንገደኛ ጄቶች እውነት ነው። ለትናንሾቹ ግን አይደለም። ክብደቱ ከ6,000 ፓውንድ ያልበለጠና በዝግታ ማረፍ የሚችል አውሮፕላን በአንድ ሞተር መውጣት እንዲችል የድሮው የአሜሪካ ደንብ አላስገደደም። ስንት እንደሚወጣ ወይም እንደሚወርድ ተለክቶ እንዲጻፍ ብቻ ነው የጠየቀው።

ይህን በወረቀት አንብቤ አልበቃኝም። አንድ የቀድሞ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አብራሪ የነበሩ፣ አሁን እዚህ የሚያስተምሩ ጋሼ አሉ። ከማሰልጠኛ ጤነኛ ሴሚኖል ተከራይተን አብረን ወጣን። ሁለታችን ብቻ ነን፣ ነዳጁም ግማሽ ነው። 9,000 ጫማ ላይ የግራውን ሞተር ጉልበት ወደማይሰጥበት ዝቅተኛ ዙር መለሱት። አፍንጫው ወደ ግራ ሸሸ። ቀኝ እግሬን ፔዳሉ ላይ ተከልኩ። «እግርህን አታላላ ልጄ» አሉኝ። የመውጫ መለኪያው መርፌ ከዜሮ በታች ወረደና በደቂቃ 300 ጫማ ላይ ቆመ። እየወረድን ነው። የቀኙን ሙሉ ሰጥቻለሁ፣ ፍጥነቱን ሰማያዊው መስመር ላይ (በአንድ ሞተር የተሻለ የሚወጣበት ፍጥነት) ይዣለሁ፣ የምጨምረው ነገር የለም። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጆቼ ከኋላ ቢኖሩ እያልኩ ነበር የማስበው።

ጋሼ የፍጥነት መለኪያው ላይ ያለችውን ቀይ መስመር አሳዩኝ። ሴሚኖል ላይ 56 ኖት ናት። አንድ ሞተር ጠፍቶ ሌላው ሙሉ እየሠራ ፍጥነታችሁ ከዚያ ከወረደ መሪው አይበቃም። አውሮፕላኑ ወደ ሞተው ሞተር ተገልብጦ ይዞራል። በ1960ዎቹ ፓይፐር ቱዊን ኮማንቺ ላይ ይህንኑ ሲለማመዱ ስንት ተማሪና አስተማሪ አብረው አልቀዋል። በኋላ ኤፍ ኤ ኤ የዚያን አውሮፕላን ዝቅተኛ ፍጥነት ከ80 ወደ 90 ማይል ከፍ አደረገው። ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ሞተሩ ሲጠፋ ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ሜዳ ትፈልጋላችሁ። ባለ ሁለቱ ግን ልምምድ የሌለውን አብራሪ በጀርባው ሊጥለው ይችላል።

ደግሞ ሞተር ምንም የማያድንባቸው ነገሮች አሉ። የአሜሪካው ኮንግረስማን ሚኪ ሊላንድ ነሐሴ 1989 በኢትዮጵያ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ካምፕ ሲሄዱ የተሳፈሩበት ቱዊን ኦተር ሁለት ሞተር ነበረው። በመጥፎ አየር ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 16ቱም አለቁ። ዘፋኟ አሊያ በነሐሴ 2001 ባሃማስ ላይ ያለፈችበት ሴስና 402ም ሁለት ሞተር ነበረው። ከሚፈቀደው በላይ ጭኖ፣ ክብደቱ ወደ ኋላ አድልቶ ነበር የተነሳው። ዘጠኙም ሞቱ።

ባለ ሁለት ሞተር አትግዙ አላልኩም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ኦክላሆማ ሲቲ ካለው የኤፍ ኤ ኤ መዝገብ የአውሮፕላኑን ሙሉ ፋይል አዝዙ። በጥቂት ዶላር ይመጣል። የዕዳ ወረቀትና ትላልቅ ጥገናዎች የሚመዘገቡበት ቅጽ 337 እዚያ ውስጥ ነው። ፋይሉን ከሎግ ቡኮቹ ጋር ቀን ከቀን አስተያዩት። ፕሮፔለሮቹ በአንድ ቀን ከተቀየሩ ሞተሮቹ በዚያው ሰሞን የተከፈቱበትን ፊርማ ጠይቁ። መካኒኩን እናንተ ቅጠሩ፣ ሻጩ የሚጠቁማችሁን አትውሰዱ። ቀብዱ ሦስተኛ ወገን ዘንድ ይቀመጥ፤ ምርመራው ችግር ካገኘ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይግባ። ኢንሹራንስም አስቀድማችሁ ጠይቁ። በባለ ሁለት ሞተር ትንሽ ሰዓት ላለው ሰው የሚጠሩት ዋጋ ሐሳባችሁን ሊያስቀይራችሁ ይችላል።

ትናንት ማታ ማስታወቂያውን እንደገና አየሁት። አውሮፕላኑ አሁንም አልተሸጠም። ድርሻው ወደ 38,000 ወርዷል፣ ፎቶዎቹም አዲስ ናቸው። ከሆዱ ሥር የተነሳ ግን የለም። «አደጋ ደርሶበት አያውቅም» የሚለው መስመርም እንዳለ ነው።