ፊልም ከሚጭነው ልጅ ዊኪፒዲያ አስጫንኩ

ዓለም ገና፣ የቡታጅራው መንገድ ከጅማው ከሚገነጠልበት ብዙም ሳይርቅ፣ ሙዚቃና ፊልም የሚጭን ጠባብ ሱቅ አለ። ስሙን አልጽፍም። ልጁ ማስታወቂያ ሥራልኝ አላለኝም፤ ደግሞም የፊልሞቹ ባለቤቶች ቢሰሙ ደስ አይላቸውም። የእኔ ጉዳይ ፊልሙ አይደለም። ልጁ ኪዊክስ የሚባለውን አፕ ከነዊኪፒዲያው ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጭናል፣ ዋጋውም ከሁለት ማኪያቶ አይበልጥም።

ለማያውቀው ሰው፣ ኪዊክስ ነፃ አፕ ነው። ዊኪፒዲያን እንዳለ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ስልካችሁ ላይ ያስቀምጥላችኋል። ከዚያ በኋላ ዳታ አይል፣ ዋይፋይ አይል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀመር የታሰበው ኢንተርኔት ለማይደርሰው ሰው ነው፤ በየአገሩ ትምህርት ቤቶችና እስር ቤቶች ይጠቀሙበታል። እኔ እስረኛ አይደለሁም፤ ግን ጠዋት ከዓለም ገና አየር ጤና፣ ከዚያ ደግሞ ጦር ኃይሎች ለመድረስ የሚፈጀውን ሰልፍና የመንገድ መዘጋጋት የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ያን ያህል እንዳልሆነ ይገባዋል።

ስለ ሱቁ ልናገር። ልጁ ሥራውን ያውቃል። ካርዴን ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ አየት አደረገና “ፋዘር፣ ይሄ ካርድ አይቀበልም” አለኝ። (ፋዘር የሚያሰኝ ዕድሜ ላይ ነኝ ብዬ አላምንም፤ እንለፈው።) ነገሩ እንዲህ ነው። ፋት 32 በሚባለው ፎርማት የተዘጋጀ ካርድ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይዝም። ብዙ ሰው ቤቱ ሞክሮ “ካርዱ ባዶ ሆኖ ሳለ ሞልቷል ይለኛል” እያለ የሚናደደው ለዚህ ነው። ልጁ መጀመሪያ ፎቶዎቼን ወደ ላፕቶፑ ገለበጠ፣ ካርዱን ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት አዘጋጀ፣ ፎቶዎቹን መለሰ፣ ከዚያ ፋይሉን መጫን ጀመረ። ላፕቶፑ ከሥሩ አየር እንዲገባው በአራት ቆርኪ ላይ ተቀምጧል። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋ በላይ ነው፤ ያለ ሥዕል ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ቆማችሁ የምትጠብቁት ነገር አይደለም። ጠዋት ሰጥታችሁ ማታ ትወስዳላችሁ።

አፑ ላይ እንዳጋጣሚ አንድ ገጽ የሚያወጣ ቁልፍ አለ። ሱሱ እዚያ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኔ ግን ታክሲው ካራቆሬ ሳይደርስ ጉዱን ሰምቼ እጨርሳለሁ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 1896፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ እንግሊዝ ዛንዚባር ላይ ጦርነት ከፈተች። ቡና ተፈልቶ ቶናው ሳይደርስ ጦርነቱ አለቀ፤ ከ45 ደቂቃ በታች ነው የፈጀው። በታሪክ አጭሩ ጦርነት ይሉታል። እኔን ያስገረመኝ ግን ሰዓቱ ሳይሆን ዓመቱ ነው። ከአድዋ ድል ስድስት ወር እንኳ አልሞላም።

ከዚያ ደግሞ ኢሙ አለላችሁ። የሰጎን ዘመድ የሆነ የማይበር ወፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ የገበሬውን ስንዴ ሲፈጅ፣ መንግሥት ሁለት መትረየስና 10 ሺህ ጥይት የያዙ ወታደሮች ላከበት። ወፎቹ ተኩስ ሲሰሙ በትንንሽ መንጋ ተበታትነው ይሮጣሉ፤ ጥይቱ አለቀ፣ ኢሙው አላለቀም። መብራት በጠፋበት ማታ ይህን ለአከራዬ ለእማማ በስልኬ ብርሃን ሳነብላቸው “ማማ ላይ ወንጭፍ የያዘ አንድ ልጅ ቢያወጡ አይበቃም ነበር?” አሉ። ከዚህ የተሻለ ትችት የትም አላነበብኩም።

እንዲህ ያለው ነገር በየሶሻል ሚዲያው “የማታውቋቸው 10 አስገራሚ እውነታዎች” እየተባለም ይመጣል። ልዩነቱ እዚህ ከሥር ምንጩ መጻፉ ነው። አፄ ምኒልክ ኤሌክትሪክ ሳይኖር የኤሌክትሪክ ወንበር ከአሜሪካ አስመጥተው ዙፋን አደረጉት የሚለውን ሁላችንም ሰምተነዋል። ቀልዱ ያስቃል፤ የዘመኑ ማስረጃ ግን የለውም። ካልዲና ፍየሎቹስ? ታሪኩ መጀመሪያ በጽሑፍ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ በታተመ የላቲን መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ እዚያ ላይ እረኛው ካልዲ አልተባለም። ቡናው ከእኛ ጫካ መውጣቱን ይሄ አይነካውም፤ አትቆጡ።

በጣም የገረመኝ ግን የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከሱቁ ፊት ለፊት “ቡታጅራ! ቡታጅራ!” እያለ ረዳቱ የሚጮህለት መኪና የሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው የጥንት ሰዎችን የድንጋይ መሣሪያዎች ያያቸው። ጎምቦሬ በሚባለው ክፍሉ ውስጥ 700 ሺህ ዓመት የሆነው የእግር አሻራ ተገኝቷል። የአዋቂም የልጅም አለ፤ ከልጆቹ አንዱ ገና የአንድ ዓመት ሕፃን የሚያህል ነው። እዚያው አጠገብ የታረደ ጉማሬ አጥንት ከነመቁረጫ ድንጋዩ ተገኝቷል። ማለትም አዋቂዎቹ ሥጋ ሲበልቱ ልጆቹ እዚያው ጭቃ ላይ ይርመሰመሱ ነበር። ለልጆቹም ያኔ ትምህርት ቤታቸው ይኸው ነበር ይላሉ ተመራማሪዎቹ። ቦታው ባልጩት የሚባለው ጥቁር መስታወት መሰል ድንጋይ ከሚወጣበት አካባቢ ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስንቴ በዚያ በኩል ሆሳዕና ስሄድ በመስኮት አይቼ ያለፍኩት ሜዳ ነው!

እና ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለው፤ የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ። ከዚያም ውስጥ ስንቱ ሁለት መስመር ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የአማርኛውን ጭናችሁ ያንኑ ቁልፍ ብትነኩት ደጋግሞ የሚመጣላችሁ ተረትና ምሳሌ ነው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ። እማማ ይህን ይወዱታል፤ እኔ ግማሹን ሳነብ እሳቸው ይጨርሱታል። ግን ስለ መልካ ቁንጡሬ በእንግሊዝኛ ያነበብኩትን ያህል በአማርኛ አንብቤላቸው ቢሆን ደስ ባለኝ። ይሄ የአፑም የልጁም ጥፋት አይደለም። ጻፉ የተባልነው እኛ ነን፣ ማንም መጻፍ ይችላል።

ሌላ ልታውቁት የሚገባ ነገር፣ የተጫነው ፋይል በተዘጋጀበት ቀን ላይ ቆሞ ይቀራል። የትናንት ዜና፣ የዘንድሮ የምርጫ ውጤት፣ ማን ሞተ ማን ተሾመ ለሚል ሰው አይሆንም። ያለ ሥዕል የሚጫነውን ከመረጣችሁ ደግሞ ስለ ወፍና ስለ ቅርስ ስታነቡ መልኩን በሐሳባችሁ መሳል ነው። እኔ ያለ ሥዕሉን ነው የያዝኩት፤ ኢሙን ገና አላየሁትም።

ካርድ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከነሥዕሉ ከሆነ 128 ጊጋ፣ ያለ ሥዕል ከሆነ 64 ይበቃል። ላዩ ላይ 128 ተብሎ ውስጡ ግን 8 ብቻ የሆነ ካርድ ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ልጁ ከመጫኑ በፊት ይፈትሽላችኋል፣ ለዚህም ሳንቲም አይጠይቅም። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ግን አትሂዱ። ያን ጊዜ ላፕቶፑ ለሰፈሩ ልጆች ኳስ ያሳያል፣ ካርዳችሁም ጨዋታው እስኪያልቅ ተራ ይጠብቃል።