ከሎሚና ከብርቱካን ጋር ለሚፈላ ከርከዴ የቱ ይሻላል? ሙሉው፣ ቲ ባጉ ወይስ ዱቄቱ

ደረቅ ከርከዴ በሦስት መልክ ይሸጣል፦ እንዳለ የደረቀው ሙሉው፣ በቲ ባግ የታሸገው እና የተፈጨው ዱቄት። ለብቻቸው ሲፈሉ ሦስቱም ቀይና ኮምጣጣ ሻይ ይወጣቸዋል፤ ብዙም አይራራቁም። ሎሚና ብርቱካን ሲገባባቸው ግን ልዩነታቸው ይለያል። ለዚህ ሻይ ሙሉውን ግዙ። ቲ ባጉ ለጥድፊያ ይሆናል። ዱቄቱን ለመጠጥ አልመክርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከኮምጣጣነቱ ነው። ከርከዴ ሎሚ ሳይነካው እንኳ ኃይለኛ ኮምጣጣ ነው፤ ሲትሪክ አሲድ፣ ማሊክ አሲድና ሂቢስከስ አሲድ በውስጡ አለ፤ የሻዩም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበረታል) 3 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። ስለዚህ ሎሚና ብርቱካን የሚገቡት ሻዩን ለማኮምጠጥ ሳይሆን ለመዓዛቸው ነው፤ መዓዛው ደግሞ በብዛት ያለው ከጭማቂው ይልቅ በልጣጩ ዘይት ውስጥ ነው። ጭማቂ እየጨመቁ መዓዛ የሚፈልጉ ሰዎች መጨረሻ ላይ የሚያገኙት ጥርስ የሚያደነዝዝ ቀይ ውሃ ነው፤ እሱን ለማስተካከል ስኳር ይደፉበታል፣ ከዚያ ከርከዴውም ብርቱካኑም አይለይም።

ሙሉውን ስትገዙ ማየት ያለባችሁ ነገር አለ። የሚፈላው የአበባው ክፍል፣ አበባው ረግፎ ፍሬው ሲያብጥ ዙሪያውን አቅፎ የሚቀረው ሥጋማ ቀይ ሽፋን ነው። ጥሩው ወደ ጥቁር የሚያደላ ጥልቅ ቀይ ነው፤ በጣት ሲታጠፍ ትንሽ እምቢ ብሎ ይታጠፋል እንጂ ወዲያው አይፈረፈርም፤ ሽታው እንደ ደረቀ ፕሪም ኮምጠጥ ይላል። ወደ ቡናማ የሄደ ከሆነ አርጅቷል ወይም ብርሃን ሲመታው ከርሟል፤ ቀለም ይሰጣል፣ ጣዕሙ ግን ጠፍቷል። ከከረጢቱ ሥር ብናኝ የተከማቸበትን ተዉት፤ ሻዩን የሚያደፈርሰው ያ ብናኝ ነው። በሽፋኑ ውስጥ ጠንካራው የዘር ቋት አብሮ ከቀረ ደግሞ፣ ሚዛን ላይ ይከብዳል እንጂ ለሻዩ የሚጨምረው ጣዕም የለም።

መጠኑ ይህ ነው፦ ለ1 ሊትር ውሃ 20 ግራም ደረቅ ከርከዴ፣ የአንድ ብርቱካን ልጣጭና ጭማቂ፣ የግማሽ ሎሚ ልጣጭ፣ ከ1 እስከ 2 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ እና 50 ግራም ስኳር። 20 ግራሙን በሚዛን ለኩት፤ ትልልቁ ከርከዴ ኩባያ ውስጥ ብዙ ባዶ ቦታ ስለሚተው በኩባያ ሲሰፈር አንድ ቀን ይወፍራል አንድ ቀን ይቀጥናል።

ከርከዴውን በወንፊት አድርጋችሁ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይሁን፤ አሸዋውና አቧራው እንዲወርድ ነው፣ ብትቆዩ ቀለሙ አብሮ ይሄዳል። ውሃው ሲፈላ ከእሳት አውርዱና ከርከዴውን ጨምራችሁ ክደኑት። በአምስተኛው ደቂቃ ልጣጩን ጨምሩ፣ በአስረኛው አጥልሉት። ስኳሩ ገና ትኩስ እያለ ይግባ። ጭማቂው ግን ሻዩ ለብ እስኪል ይጠብቅ፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ የገባ የብርቱካን ጭማቂ ትኩስነቱን ያጣና የተቀቀለ ይመስላል። ሲጠለል ከርከዴውን በማንኪያ አትጭመቁት። ከጭመቃው የምታገኙት ትንሽ ውሃና ብዙ ድፍርስ ነው፤ አፍ የሚያደርቀው ጣዕምም አብሮ ይወጣል።

ልጣጩ ላይ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። በስለት የተላጠውን ገልብጣችሁ እዩት። ጀርባው ላይ የብርቱካኑ ቀለም ነጥብ ነጥብ እያለ ከታየ በልኩ ተልጧል። ጀርባው ነጭ ከሆነ ወፍሯል፤ ምሬቱ ያለው በዚያ ነጭ ውስጥ ነው፣ ሙቅ ውሃ ደግሞ በደንብ ያወጣዋል። በቢላ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ነጩን ልትፍቁለት ትችላላችሁ። ሎሚን ከነልጣጩ ቆራርጦ ከከርከዴው ጋር ማፍላት የማይገባውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ነጩም ፍሬውም አብረው ይፈላሉ፣ ሻዩ ሲቀዘቅዝ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ምሬት ይመጣል። ያን ምሬት ስኳር አይሸፍነውም። ብርቱካኖቹ ሰም የተቀቡ ከሆኑ ከመላጣችሁ በፊት በሙቅ ውሃ አሽታችሁ እጠቡ፤ ሰሙ ሻዩ ላይ እንደ ስስ ቅባት ይንሳፈፋል።

ሌላው ስህተት ከርከዴውን እሳት ላይ ትቶ ማንተክተክ ነው። ቀዩን ቀለም የሚሰጡት አንቶሲያኒን የሚባሉት ናቸው፤ ለሙቀት ደካማ ናቸው፣ ለረጅም ጊዜ ሲፈሉ ይበላሹና ሻዩ ወደ ቡናማ ያዘነብላል፤ ጣዕሙም የማርማላታ ጣዕም ይሆናል። እነዚሁ ቀለሞች የውሃውንም ጠባይ ያሳብቃሉ። ውሃው ባይካርቦኔት (አሲድን የሚያበርድ ማዕድን) የበዛበት ከሆነ ሻዩ ፈዞ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፤ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጠብ ስታደርጉበት ዓይናችሁ እያየ ወደ ደማቅ ቀይ ይመለሳል። ድስቱስ? የማይዝግ ብረት ወይም ብርጭቆ ይሁን። ባዶ አሉሚኒየምና ብረት ድስት ከአሲዱ ጋር ይነካካሉ፤ ቀለሙ ይጠቁራል፣ የብረት ጣዕምም ይመጣል።

ጊዜ ላለው ሰው በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሙሉውን ከርከዴ የሚያስመርጠኝም ዋናው ይህ ነው። 25 ግራሙን በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ ልጣጩን ከመጠለሉ 2 ሰዓት ሲቀረው ጨምሩ። አፍ የሚያደርቀው ነገር በቀዝቃዛ ውሃ እምብዛም ስለማይወጣ ሻዩ ይለሰልሳል፣ የብርቱካኑም ሽታ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስኳር በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አይሟሟም፤ እኩል ስኳርና ውሃ አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁትን ሽሮፕ ተጠቀሙ።

ወደ ቲ ባጉ ስንመጣ፣ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ይይዛል። ከላይ ካለው ልክ ጋር ስታነጻጽሩት ለ250 ሚሊ ሊትር ኩባያ ሦስት ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው። በአንድ ብቻ ሲሠራ ይቀጥናል፣ ቅጥነቱን በሎሚ ለመሙላት ሲሞከር ደግሞ የሎሚ ውሃ ይሆናል። ውስጡ ያለው ደቀቅ ያለ ስለሆነ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ከመግዛታችሁ በፊት የፓኮውን ጀርባ አንብቡ፤ ፊቱ ላይ ከርከዴ ተብሎ ውስጡ የጽጌረዳ ፍሬ፣ ደረቅ ፖም፣ የብርቱካን ልጣጭና ማጣፈጫ የተቀላቀለበት ብዙ ነው። ሲትሪክ አሲድ ከተዘረዘረ የሎሚ ጭማቂውን ተዉት፣ ልጣጭ ብቻ ይግባ። የተጨመረ ማጣፈጫ ያለበትን ግን ከትኩስ ብርቱካን ጋር አታቀላቅሉት፤ ሁለቱ ሽታዎች ይጣላሉ።

ዱቄቱ አይሟሟም። ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ይጓጉላል፣ ቀጥሎ ብርጭቆው ሥር ይዘቅጣል፤ በጨርቅ ለማጥለል ሲሞከር ጨርቁን ይደፍነዋል። ስለተፈጨ አየር ቶሎ ያገኘዋል፣ መዓዛው ቶሎ ይጠፋል፤ ከምን እንደተፈጨም ዓይን ሊለይ አይችልም። ለኬክ ወይም ለአይስክሬም ይሁን።

ከፍራፍሬዎቹ ብርቱካን ይቀድማል፣ ጣፋጭነቱ የከርከዴውን ስለት ያበርደዋል። መንደሪንም ጥሩ ነው። ግሬፕፍሩት ምሬት ይጨምራል፤ ከብዙ መድኃኒቶች ጋርም ስለማይስማማ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይጠይቅ አይጠቀምበት። ቅመም ካማራችሁ ለሊትሩ ግማሽ እንጨት ቀረፋ ወይም ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ልጣጩ አይሸትም። ወተት አይሞከርም፣ አሲዱ ወዲያው ያረጋዋል።

ከርከዴ የደም ግፊትን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ የግፊት መድኃኒት የምትወስዱና ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አታዘውትሩት። አሲዱ የጥርስን ሽፋን ስለሚያሳሳ ከጠጣችሁ በኋላ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፣ ጥርስ መቦረሹን ግን ትንሽ አቆዩት።

በበረዶ የምትጠጡት ከሆነ ከርከዴውን ለሊትሩ ወደ 30 ግራም ከፍ አድርጉት፣ በረዶው ሲቀልጥ ያቀጥነዋልና። የተጠለለው ሻይ ጭማቂ ሳይገባበት በተከደነ ብርጭቆ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን በደህና ይቆያል። ጭማቂ የገባበት በማግስቱ መዓዛው ይሞታል፤ ስለዚህ ለብዙ ቀን ስታፈሉ ሻዩን ብቻ አስቀምጡ፣ ብርቱካኑን ስትቀዱ ብርጭቆው ላይ ጨምቁበት።