ቋሚ ነዋሪነት እየጠበቃችሁ ልጅ ለተወለደላችሁ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

የካናዳ ቋሚ ነዋሪነት ማመልከቻቸው በሂደት ላይ እያለ ኢትዮጵያ ውስጥ ልጅ የተወለደላቸውን ቤተሰቦች ፋይል የምታስተካክልልን እህታችን ከልብ ትመስገን። ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች አንጽፈውም፤ ለፈለጋችሁ በውስጥ መስመር እናገናኛችኋለን። ምስጋናው በደፈናው እንዳይሆን ግን ሥራዋን እንናገር።

መጀመሪያ የምታስረግጠው ነገር ልጁ ወላጆቹ ቋሚ ነዋሪ ሆነው ከመግባታቸው በፊት መነገር እንዳለበት ነው። አብሮ ባይጓዝም ይነገራል፣ የሕክምና ምርመራም ያደርጋል። «ዝም ብለን እንግባ፣ ኋላ በስፖንሰር እናመጣዋለን» የሚለው ምክር ብዙ ቤት አፍርሷል፤ የኢሚግሬሽን ደንቡ አንቀጽ 117(9)(ዲ) በጊዜው ያልተነገረና ያልተመረመረ ልጅን ከቤተሰብ ስፖንሰር መብት በመርህ ደረጃ ያስወጣዋል። ቪዛውና የቋሚ ነዋሪነት ማረጋገጫው እጃችሁ ከገባ በኋላ ልጅ ቢወለድ እንኳ ትኬት ሳትቆርጡ ፋይላችሁን ለያዘው ቢሮ አሳውቁ።

ከሌሎች የምትለየው ግን ወረዳ ላይ በሚሠራው ሥራ ነው። ከሆስፒታል የሚሰጠው ወረቀት የልደት ማሳወቂያ እንጂ የምስክር ወረቀት አይደለም፤ እሱን ይዞ በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። እሷ ታዲያ ወረዳ ከመሄዳችሁ በፊት የሁለቱንም ወላጆች ፓስፖርት ኮፒ ትጠይቃለች። የአባት ስም ጸጋዬ ቢሆንና ፓስፖርቱ ላይ በቲ እና ኤስ ተጽፎ ሳለ የልጁ ምስክር ወረቀት ላይ በኤስ ብቻ ከጀመረ፣ ፋይሉን የሚያየው መኮንን የአባትነት ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ በወረቀት ጽፋ ትሰጣችኋለች፤ መዝጋቢው ፊት አስቀምጡት፣ ከመፈረማችሁም በፊት ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ከታተመ በኋላ ማስተካከል ሌላ ምልልስ ነው።

ቀኑንም ራሷ ትቆጥራለች። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ያለው ዓመት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ በአንድ ቀን ይዛነፋል። ጥር 11 ቀን 2016 ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነው፤ በልማድ 19 ብሎ የሞላ ሰው የልጁን ፓስፖርትና ፎርሙን ያጋጫል።

ለካናዳ ኢሚግሬሽን በድረ ገጹ ፎርም የሚላከው የልደት ምስክር ወረቀቱ ብቻ አይደለም። ልጁ የተጨመረበት አዲስ አይኤምኤም 0008 (ዋናው የማመልከቻ ፎርም)፣ የታደሰ አይኤምኤም 5406 (የቤተሰብ መረጃ ፎርም) እና አጭር ደብዳቤ አብረው ይሄዳሉ፤ የልጁ ፓስፖርት ካልደረሰም «በሂደት ላይ ነው» ተብሎ ይገለጻል እንጂ ማሳወቁ አይዘገይም። የማመልከቻ ቁጥሩና የዋናው አመልካች ልደት ቀን በትክክል ካልገባ መልእክቱ ከፋይሉ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ደረሰን የሚለውን ምላሽ አስቀምጡ። አንደኛው ወላጅ አብሮ የማይሄድ ከሆነ አይኤምኤም 5604 ላይ ፈቃዱን መስጠት አለበት።

የሕክምና ምርመራው የካናዳ ኢሚግሬሽን በፈቀደለት ሐኪም ብቻ ነው፤ ተመርመሩ የሚለውን የመመሪያ ደብዳቤ ጠብቁ። ለሕፃን አካላዊ ምርመራ እንጂ በመደበኛው ራጅ የለም፣ ራጅ ከ11 ዓመት ጀምሮ ነው። የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ የእናትየው ነው፦ ነፍሰ ጡር ሆና ራጁን ከወሊድ በኋላ ካለችው ፋይሉ እስከዚያ ይቆማል። የምርመራ ውጤት የሚያገለግለው 12 ወር በመሆኑ ልጁ ሲጠበቅ የቀሪው ቤተሰብ እንዳያልፍ የእያንዳንዱን ቀን በሠንጠረዥ ትይዛለች። ይህን ሳንጠይቃት ነው የምታደርገው፤ እግዜር ይስጥልን።

ለልጁ የማመልከቻ ክፍያ አለ፣ የቋሚ ነዋሪነት መብት ክፍያ ግን አይጠየቅም። የጣት አሻራም ከ14 ዓመት በታች የለም። የመቋቋሚያ ገንዘብ የሚያሳዩ አመልካቾች መጠኑ በቤተሰብ ቁጥር እንደሚያድግ ልብ ይበሉ።

ልጁ የተወለደው ካናዳ ውስጥ ከሆነ በአብዛኛው በመወለዱ ዜጋ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ፎርሙ ላይ ይጻፋል። ለዚህ ገንዘብ አትቀበልም፣ እንዴት እንደሚሞላ ነግራ ትሸኛለች።

እሷንም ሆነ ሌላ ሰው ከመቅጠራችሁ በፊት የካናዳ ኢሚግሬሽን አማካሪዎችን ፈቃድ በሚሰጠው የአማካሪዎች ኮሌጅ መዝገብ ላይ ፈቃዱን አረጋግጡ፤ ያለፈቃድ ማስከፈል ወንጀል ነው። ወኪል ካደረጋችኋት የውክልና ፎርሙ አይኤምኤም 5476 ይፈረማል። ስትደውሉላት የወላጆችን ፓስፖርት፣ የማመልከቻ ቁጥሩንና የሆስፒታሉን ማሳወቂያ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።