የአደይ ማር እንዳያመልጥ፦ የሽግግር ቀፎ ለጓሮ ሲመዘን

የደጋና የወይና ደጋ ንብ የዓመቱን ትልቅ ሥራ የምትሠራው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ክረምቱ ሲወጣ አደይ ሜዳውን ያለብሳል፣ መች የሚባለው አበባ ይከተላል፣ ከዚያ የኑጉ ማሳ ያብባል። ማሩ ከጥቅምት ማብቂያ ጀምሮ በኅዳር ይቆረጣል። ስለዚህ ለጓሮው ቀፎ ያሰበ ቤተሰብ መግዛት ያለበት ዝናቡ ሳያባራ ነው። መስከረም ከተጋመሰ በኋላ የገባ መንጋ የሰም እንጀራውን ሲሠራ አበባው ያልፍበታል፤ የዚያ ዓመት ማር ለራሱ ቀለብ እንጂ ለቤቱ አይተርፍም።

ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት ቀፎ አለ። አንዱ ከሸምበቆ ወይም ከሐረግ ተጎንጉኖ በጭቃና በእበት የተለሰነው ባህላዊ ቀፎ ነው። ሁለተኛው በላዩ የእንጨት አግዳሚ የሚደረደርበት የሽግግር ቀፎ፣ ሦስተኛው ደግሞ በአገራችን በብዛት ዛንደር የሚባለው ባለ ፍሬሙ የሣጥን ቀፎ ነው። ከአንድ እስከ አምስት ቀፎ ለሚይዝ ጓሮ የምንመርጠው መካከለኛውን ነው። ከነጉድለቱ እንየው።

ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው አግዳሚው ነው፤ ንቧ እንጀራዋን የምታንጠለጥልበት እሱ ስለሆነ። የአገራችን ንብ ከአውሮፓዋ ታንሳለች፣ በእንጀራዎቿ መካከል የምትተወውም ርቀት ጠባብ ነው። የእያንዳንዱ አግዳሚ ስፋት 3.2 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። አናጢው በዓይኑ ገምቶ 4 ሳንቲ አድርጎ ከቆረጠው ንቧ በራሷ ልክ ትሠራና አንዱ እንጀራ ሁለት አግዳሚ ላይ ይጋደማል። በኅዳር አንዱን ሲያነሡ ሌላው ይቀደዳል፣ ማሩ ይፈስሳል፣ በውስጡ ያለው የንቧ ልጅ፣ እጩ፣ አብሮ ይሞታል። አንዱን ብቻ መለካት ያሳስታል። አሥሩን ጎን ለጎን ገጥሞ ሜትር መዘርጋት ነው የሚሻለው፤ 32 ወይም 33 ሳንቲ ቢመጣ ጥሩ ነው፣ 35 ከመጣ ግን አግዳሚዎቹ እንደገና ይሠሩ። ክዳንና እግር ቤት ውስጥ ይጠገናል፤ በልኩ ያልሆነ አግዳሚ ግን ቀፎውን በሙሉ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል።

ከአግዳሚው ሥር መሃል ለመሃል ቀጥ ያለ ሹል ጠርዝ ወይም ጭረት መኖር አለበት። እዚያ ላይ ንጹሕ ሰም ቀልጦ በቀጭኑ ይቀባል፤ ንቧ ያንን መስመር ተከትላ ትሠራለች። ብዙ ሠሪዎች ይህን ሳይጨምሩ ይሸጣሉ፣ ገዢውም አይጠይቅም፤ ከዚያ እንጀራው አግድም ሲሠራ ንቧ ትወቀሳለች።

ጎኖቹ ወደ ታች እየጠበቡ የሚሄዱት ለመልክ ብቻ አይደለም። ከወለሉ ጋር 120 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ሲሠሩ ንቧ እንጀራዋን ከግድግዳው ጋር ማጣበቅ ትቀንሳለች። ግድግዳው ቀጥ ያለ ከሆነ በየጊዜው በቢላ መለየት ያስፈልጋል። ጣውላው እርጥብ ሆኖ የተሠራ ቀፎ ደግሞ በጥር ፀሐይ ይጣመማል፤ በስንጥቁ ጉንዳንና የሰም ብል ይገባል። ክዳኑን ዘግቶ በበሩ በኩል ወደ ውስጥ ማየት ነው፤ በበሩ ከሚገባው በቀር ብርሃን መታየት የለበትም። ውስጡ ቀለም የተቀባውን ተዉት። ጣውላ ከተወደደ ጨፈቃ የሚባለው አለ፤ ጎኑ ከሸምበቆ ወይም ከቀጫጭን እንጨት ተሠርቶ በጭቃ፣ በእበትና በአመድ ይለሰናል። አግዳሚው በልኩ ከተቆረጠ ከጣውላው አያንስም፤ ሙቀትና ብርድ በመከላከልም ጎበዝ ነው።

የሣጥን ቀፎው የበለጠ ማር እንደሚሰጥ መካድ አይገባም። ባህላዊው በአብዛኛው 5 ወይም 6 ኪሎ ይሰጣል፤ በሚገባ የተያዘ የሽግግር ቀፎ ከ10 እስከ 15፣ ሣጥኑ ደግሞ 20ና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ምክንያቱ ሰሙ ነው። ንቧ አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ትበላለች። በሣጥኑ ማሩ በማሽን ተሽከርክሮ ይወጣና እንጀራው ለንቧ ይመለስላታል፤ በሽግግሩ ግን እንጀራው ይቆረጣል፣ ንቧ እንደ አዲስ ትጀምራለች። ነገር ግን ሣጥኑ ብቻውን አይሠራም። የታተመ ሰም (ንቧ እንጀራዋን የምትጀምርበት ስስ የሰም ገበታ)፣ ንግሥት ማገጃ (ንግሥቲቱ ወደ ማሩ ክፍል እንዳታልፍ የሚከለክል ወንፊት)፣ ማር ማውጫ ማሽን ይፈልጋል። ፍሬሙ 42 በ22 ሳንቲ ስለሆነ ማሽኑም ለዚያ ልክ መሆን አለበት። እነዚህ የሌሉት ሣጥን በየገጠሩ የእህል ማስቀመጫ ሆኖ ይታያል፣ ያሳዝናል። ማሽን በጋራ የሚጠቀሙ ጎረቤቶች ካሉ ሣጥኑን ይግዙ። ለጠጅ የሚሸጥ ማር ግን ከነሰፈፉ ስለሚፈለግ የሽግግሩ ማር ገዢ አያጣም።

ቀፎው እስከ ጳጉሜን ተሰናድቶ መቆም አለበት፤ መስከረምና ጥቅምት መንጋ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ውስጡ በጠጅ ሣር ይታሻል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል፣ የሰም ሽታ ያለው አሮጌ እንጀራ ቁራጭም አንድ ሁለት አግዳሚ ላይ ይያያዛል። መንጋው ከባህላዊ ቀፎ የሚገለበጥ ከሆነ ሥራው አመሻሽ ላይ ነው። እጭ ያለበት እንጀራ ጫፉ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ በቃጫ አግዳሚው ላይ ይታሰራል፤ ንቦቹ በቀናት ውስጥ አጣብቀው ክሩን ራሳቸው ያኝኩታል። ማር የሞላውን አትሰሩት፣ ክብደቱ ይበጥሰዋል። አውራዋ፣ ማለትም ንግሥቲቱ፣ ካልገባች መንጋው ተመልሶ ይወጣል። እጭ ያለበት እንጀራ አብሮ ከገባ ግን የመኮብለል ነገር በጣም ይቀንሳል፤ ንብ ልጇን ጥላ መሄድ አትወድም።

ቀፎው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእግሮች ላይ ይቆማል። እግሮቹ የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ይገባሉ፣ ጣሳው ንብ እንዳይገባበት ከላይ ይከለላል፤ ሥሩ ያለው ሣርም ይታጨዳል። ጉንዳን በአንዲት የሣር ዘንግ ተሻግሮ በአንድ ሌሊት መንጋ ያባርራል፤ ከሁሉም በላይ ቀፎ የሚያስወጣው ይህ ነው። በሩ ከነፋስ ዞሮ ቢቻል ወደ ፀሐይ መውጫ ይሁን፣ ወደ ቤቱ መተላለፊያ ግን አይሁን። ከፊቱ የሰው ቁመት የሚያልፍ አጥር ካለ ንቦቹ ከፍ ብለው ይበርራሉ፤ ልጆችም በሰላም ይጫወታሉ። ፈረስና በቅሎ አጠገቡ አይታሰሩ፣ ላባቸው ንብ ያስቆጣል።

በሐምሌና በነሐሴ ንቧ ትራባለች። እኩል በእኩል የተበጠበጠ ስኳርና ውኃ ምሽት ላይ በሳህን ይቀመጣል፤ ንቦቹ እንዳይሰምጡ ጭድ ይነሰነስበታል። ያልተቀመመ የሽምብራ ወይም የባቄላ ዱቄትም ይሰጣል። አደይ መፈንዳት ሲጀምር ስኳሩ ይቁም፤ ካልቆመ ወደ ማሩ ይገባና ገዢ ፊት ያሳፍራል። ጎረቤት ማሳው ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ ከሆነ ንብ ከገባች በኋላ፣ አመሻሽ ላይ እንዲረጭ አስቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል። የቀን ርጭት አበባ ላይ ያለችውን ሁሉ ይጨርሳል።

የሽግግር ቀፎ ትልቁ ጉድለት እንጀራው ዙሪያውን የሚይዘው ፍሬም የሌለው መሆኑ ነው። አዲስ እንጀራ በቀን ሙቀት ወደ ጎን ከተጋደመ ይበጠሳል፤ ሲነሣም ሲገለበጥም ቁልቁል እንደ ተንጠለጠለ መሆን አለበት። ከቦታ ቦታ በጭነት ለሚያዛውር ሰው አይሆንም። ቦታውም ውሱን ነው፤ እንደ ሣጥኑ ፎቅ አይደረብበትም። በጥቅምት በየ10 ቀኑ ካልታየና ከበሩ ርቆ ባዶ አግዳሚ ካልቀረ ቦታ ጠብቦት መንጋው ይከፈላል፣ ግማሹ ይሄዳል።

ማር ሲቆረጥ ልጆች ቤት ይግቡ፣ ከብቶች ይራቁ፣ ጎረቤትም ይወቅ። ማጨሻው ውስጥ ደረቅ ኩበት እንጂ ላስቲክ አይገባም፤ ሽታው ማሩ ውስጥ ይቀራል። በሩ በአንድ ጫፍ በሆነ ቀፎ እጩ ወደ በሩ፣ ማሩ ወደ ኋላ ስለሚሆን ከኋላ ይጀመራል። ቢያንስ ሦስት አራተኛው በሰም ያልታሸገለት እንጀራ ይመለስ፤ ውኃው ስላልተመጠጠ ማሩ ቤት ውስጥ ይፈላል። እጭ ያለበት አይነካም። ለንቧ የበጋ ቀለብ አምስት ወይም ስድስት ማር የያዘ አግዳሚ ይተዋል፤ ይህን የነፈገ በየካቲት ባዶ ቀፎ ያገኛል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በጣት እንኳ አይቀመስለትም፤ ለእሱ መርዝ ሊሆን የሚችል ተህዋስ ይኖርበታል።

የተቆረጠው እንጀራ በንጹሕ ወንፊት ላይ ተፈርፍሮ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሲያድር ማሩ ራሱ ይወርዳል፤ እሳት ላይ መጣድ መዓዛውን ያጠፋዋል። የቀረው ሰፈፍ በውኃ ይቀቀላል፣ በጨርቅ ይጠለላል፣ ሲበርድ ሰሙ ከላይ ይረጋል። ግማሹ ለጧፍ ይሄዳል፤ የቀረው ለሚቀጥለው ክረምት አግዳሚ መቀቢያ ይቀመጣል።