ለአንድ የቀድሞ ባሕር ኃይል ጠላቂ ምስጋና፣ ለገና ለምትመጡም ጥቆማ

በአደባባይ ሰው ማመስገን ልማዴ አይደለም። ለዚህ ሰው ግን ዝም ብል ውለታ እንደ መብላት ይሆንብኛል። ደግሞም ለገና ወደ አገር ቤት የምትገቡና ከባሕር በታች ያለውን ዓለም ማየት የምትወዱ ሰዎች ብታውቁት ትጠቀማላችሁ።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ስኩባ ዳይቪንግ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅን፣ የተማርነው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ውሃ በሞላው አሮጌ የድንጋይ ካባ ነው። ውሃው አጥንት ይሰብራል፤ ከታች ወርዶ የሚታየውም ለልምምድ ተብሎ የተጣለ አሮጌ ተሽከርካሪ ነው። ስለዚህ የምስክር ወረቀቱን ከያዝንበት ቀን ጀምሮ የምናልመው ሞቃት ባሕር ነበር። ባለቤቴ ኮራል፣ ማለትም ከባሕር ሥር እንደ ቋጥኝ የሚያድጉትን እንስሳት፣ ይወዳል፤ አንዲት ቋጥኝ ፊት ተንሳፍፎ ትንንሽ ዓሣዎች ሲወጡና ሲገቡ ሲመለከት ቢውል አይሰለቸውም። የእኔ ልብ ያለው ትልልቆቹ ላይ ነው፤ ግዙፉ ዌል ሻርክ፣ ጠፍጣፋና ባለ ሰፊ ክንፉ ማንታ ሬይ፣ መዶሻ ራስ ሻርክ። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ዋና ይችላል እንጂ ጠልቆ አያውቅም፤ እሱን ትቶ መሄድም የማይታሰብ ነው።

ጉዞው ከገና በኋላ ከጥምቀት በፊት እንዲሆን ወስነን መጠያየቅ ጀመርን። ስሙን የማላነሳው አንድ የጉዞ ወኪል ገና ሰላምታው ሳያልቅ ማልዲቭስ አለን። ማንታ ይታያል? ይታያል። ዌል ሻርክስ? እሱም ይታያል። በየትኛው ወር? በማንኛውም ወር። የምንከፍለውን ገንዘብ ግን እስከ ሳንቲሙ ያውቀው ነበር።

የማመሰግነውን ሰው ያገኘነው በወንድሜ የሥራ ባልደረባ በኩል ነው። ወጣትነቱን ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ጠላቂነት አሳልፏል። ባሕር ኃይሉ ከፈረሰ በኋላ በዐረብ አገሮች ወደቦች የውሃ ውስጥ ብየዳ ሠርቷል፤ ከዚያም ለብዙ ዓመታት በግብጽ የጠላቂዎች ጀልባ ላይ አስተማሪ ነበር። አሁን አዲስ አበባ ገብቶ በሆቴል መዋኛ ገንዳ ጀማሪዎችን ያስተምራል፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ጥቂት ጥቂት ሰው እየያዘ ባሕር ይወርዳል። ስሜን እንዳትጽፊ ብሎ ስላስማለኝ እኛ እንደምንጠራው ጋሼ ልበለው።

ጋሼ ስለ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ጠየቀ። የምትመጡት መቼ ነው? ከምንም በላይ ማየት የምትፈልጉት እንስሳ የትኛው ነው? ስንት ጊዜ ጠልቃችኋል፣ ኃይለኛ የውሃ ሞገድ ውስጥስ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? የወንድምሽ ፓስፖርት የኢትዮጵያ ነው ወይስ የሌላ አገር? ጆሮ ወይም ሳይነስ የሚያስቸግረው አለ? የመጨረሻውን በረራ የምትሳፈሩት በስንት ሰዓት ነው? መልሳችንን በትንሽ ደብተር ጻፈና «እንግዲህ ወሩ ራሱ ግማሹን መርጦላችኋል» አለን።

ማልዲቭስን አላጣጣለውም። እንዲያውም ለአብዛኞቹ አገሮች ዜጎች ሲደርሱ የ30 ቀን ቪዛ በነጻ ስለሚሰጥ ለወንድሜ ከሁሉ የቀለለው እሱ እንደሆነ፣ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ግን የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ እንደሚያስፈልግ ነገረን። በደቡብ አሪ አቶል (ክብ ሠርተው በተደረደሩት ደሴቶች) ዌል ሻርክ ዓመቱን ሙሉ ሊገኝ ይችላል። ማንታዎቹ በብዛት የሚሰበሰቡበት የሃኒፋሩ የባሕር ወሽመጥ ግን ወቅቱ ከግንቦት እስከ ኅዳር ነው፤ የደቡብ ምዕራቡ ሞንሱን ነፋስ ፕላንክተኑን፣ ማለትም ማንታዎቹ የሚበሏቸውን በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት፣ ወደ ወሽመጡ ገፍቶ የሚያከማቸው ያኔ ነው። በዚያ ላይ እዚያ በአየር ሲሊንደር መጥለቅ ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ከላይ መዋኘት ብቻ ነው። «በነሐሴ ብትመጡ ኖሮ እኔው ራሴ እልካችሁ ነበር» አለ። ወኪሉ «በማንኛውም ወር» ያለው ነገር ይህ ነበር እንግዲህ።

ግብጽን ሲያነሳ ፊቱ በራ፤ ዕድሜውን የጨረሰበት ባሕር ነው። ለኮራል ከሆነ፣ በተለይ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሔራዊ ፓርክነት የሚጠበቀውን ራስ መሐመድን የሚያህል በአካባቢያችን የለም ባይ ነው። ትልልቆቹ ግን ያሉት ከዳርቻው ርቀው ባሕሩ መሐል በበቀሉት ሪፎች (የኮራል ቋጥኞች)፣ በዲዳለስና በብራዘርስ ደሴቶች ነው። መዶሻ ራሶቹ በግብጾቹ በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት ወራት፣ ባለ ነጭ ክንፍ ጫፉ የውቅያኖስ ሻርክ ደግሞ በመጸው ይመጣሉ፤ ሞገዱ ኃይለኛ ስለሆነም ቢያንስ 50 ጊዜ የጠለቀ ሰው ይፈለጋል። በጥር ደግሞ የሰሜኑ ቀይ ባሕር ውሃ ወደ 22 ዲግሪ ይወርዳል። ብርድ ሽሽት የወጣን ሰዎች ነን። በቅርብ ዓመታት እዚያ የሰጠሙና የተቃጠሉ የጉዞ ጀልባዎች መኖራቸውን ሳይደብቅ ነግሮን፣ ማንኛውም ጀልባ ላይ ከመሳፈራችን በፊት የሌሊት ጠባቂ መኖሩን፣ ከመኝታ ክፍሉም ሁለተኛ መውጫ መኖሩን እንድንጠይቅ አስጠነቀቀን። ይህን ምክር የትም ብትሄዱ ያዙት።

ሱዳንንም ጠይቄው ነበር። ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶ በ1963 እ.ኤ.አ. ሰዎች ከባሕር ሥር የሚኖሩበትን ቤት የሠራው እዚያ፣ ሻዕብ ሩሚ የሚባለው ሪፍ ላይ ነው። በ2023 የተነሳው ጦርነት ሳያበቃ ግን በኃላፊነቱ ማንንም ወደዚያ እንደማይልክ ቁርጥ አድርጎ መለሰልኝ። ሁለተኛ አማራጭ አድርጎ የያዘልን የታንዛኒያዋን የማፊያ ደሴት ነበር፤ በዚያም ዌል ሻርኮቹ ከጥቅምት እስከ የካቲት ይገኛሉ፤ በአካባቢዋም ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለለ የባሕር ፓርክ አለ። የመጀመሪያ ምርጫው ግን ደጃችን ያለችው ጂቡቲ ሆነች።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን ስለ ውሃው ያስረዳን ነው። እኔና ባለቤቴ የምንፈልገው ነገር እርስ በርሱ ይጣላል። ጥርት ብሎ ሠላሳ ሜትር የሚያሳይ ውሃ ውብ ነው፤ ጥርት ያለው ግን ውስጡ ምግብ ስለሌለ ነው። ዌል ሻርክና ማንታ የሚበሉት ፕላንክተን ነው፤ ፕላንክተን ባለበት ደግሞ ውሃው እንደ ቀጭን አጥሚት ይደፈርሳል። «ፎቶ የሚያምርበት ባሕርና ሻርኩ የሚጠግብበት ባሕር በአንድ ሳምንት አንድ ቦታ አይገኙም። ከባልሽ ጋር ተማከሪና ንገሪኝ» ብሎ ላከን። እውነቴን ነው፣ ይህን የነገረን ሌላ ሰው አልነበረም፤ ማስታወቂያዎቹ ሁሉ ጥርት ያለውን ሰማያዊ ውሃና ግዙፉን ሻርክ በአንድ ሥዕል ላይ ያስቀምጣሉ። ባለቤቴ ተሸነፈ። ማካካሻ እንዲሆነው ግን ጋሼ በጂቡቲዎቹ የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ያሉትን ሪፎች በጉዞው ውስጥ አስገባለት፤ ከግብጹ ጋር እንደማይወዳደሩ፣ በሙቀት የነጣ ኮራልም እንደሚያይ አስቀድሞ ነግሮት።

በጂቡቲው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርኮቹ የሚታዩት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ቀድመው ይመጣሉ፣ አንዳንዴም ይዘገያሉ። ዌል ሻርክ ከዓሣዎች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ሲያድግ ከ12 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። እዚህ የሚመጡት በብዛት ገና ያላደጉ ወንዶች፣ አራትና አምስት ሜትር የሚሆኑ ናቸው። የሚመገቡት ከውሃው ገጽ አጠገብ ስለሆነ ለማየት ሲሊንደር አያስፈልግም። ወንድሜ ያለ ምንም የጠላቂነት ወረቀት ከእኛ እኩል የተደሰተው ለዚህ ነው፤ ጋሼም አስቀድሞ ገንዳ ውስጥ በመተንፈሻ ቱቦ አሠልጥኖታል።

በአርታ የባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ጀልባዋን የሚነዳው የአፋር ልጅ ከሩቅ ጥቁር ጥላ ባየ ቁጥር ሞተሩን ይቀንሳል። ጋሼ ግን ቶሎ አያስገባንም። ሌላ ጀልባ ቀድሞ ሰው አስገብቶ ከሆነ እንጠብቃለን። ከእንስሳው ገላ ሦስት ሜትር፣ ከጅራቱ አራት ሜትር መራቅ፤ አለመንካት፤ ፊቱን አለመዝጋት፤ የካሜራ ብልጭታ አለመጠቀም። አንዱ የሌላ ጀልባ ጎብኚ ጀርባውን ሊይዝ ሲዋኝ ጋሼ ከጀልባው ላይ ሆኖ የጮኸበት ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ቁጣው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ካየናቸው አንዱ ጀርባው ላይ ጎን ለጎን የተሰመረ የጀልባ ሞተር ክንፍ ጠባሳ ነበረው። አፉን ከፍቶ ወደ እኔ ሲመጣ የተሰማኝን መግለጽ አልሞክርም። ወንድሜ ግን ጀልባ ላይ እንደወጣ በመጀመሪያ ያደረገው ለእናታችን መደወል ነበር፤ ኔትወርክ አልነበረም፤ ተናደደ።

አሁን ለአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። ሰው ሲጠልቅ ሰውነቱ በግፊቱ ምክንያት ናይትሮጅን ያከማቻል። ያ ሳይወጣለት አየሩ ወደሳሳበት ከፍታ ከወጣ ናይትሮጅኑ በደሙና በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ ከሕመም እስከ ሽባነት ያደርሳል። ለዚህ ነው ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ እንዳይበር የሚመከረው። ይህን ሁላችንም ተምረናል። ያልተማርነው ግን አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗ የሚያመጣውን ነው። በመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ የሚጠበቀው ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ጋር የሚተካከል ነው። ስለዚህ በባቡር ወይም በመኪና እመለሳለሁ፣ በረራ የለብኝም ብሎ ልቡን የሚያሳርፍ ጠላቂ ከአዳማ ሽቅብ ሲወጣ አውሮፕላን ከተሳፈረ ሰው አይለይም። እንዲያውም አውሮፕላኑ ያርፋል፤ እሱ ግን እዚያው ከፍታ ላይ ያድራል።

ጋሼ 18ቱን ሰዓት ወደ ሙሉ 24 አሳድጎ ያስጠብቃል። የመጨረሻውን ቀን ጂቡቲ ከተማ ውስጥ አስቀመጠን፤ ነፋሻማውን አርታ ከተማ ለማየት ስንለምነው እንኳን ኮረብታ ላይ ነው ብሎ ከለከለን። አሳል ሐይቅን ያየነውም ከመጥለቃችን በፊት ነበር፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ስለሚወጣና ስለሚወርድ። እንጦጦም በተመለስንበት ዕለት አይታሰብም። በጀልባው ላይ የኦክስጅን ጠርሙስ መኖሩንና መሙላቱን ጠዋት ጠዋት ዓይናችን እያየ ይፈትሻል፤ የጠላቂ ኢንሹራንስ የሌለውን ሰውም አይቀበልም። እኛ አገር እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያለ ጉርሻና ያለ ጭቅጭቅ ሲሰጥ ማየት ብርቅ ነው።

እንከን የለውም አልልም። የጽሑፍ መልእክት አይመልስም፤ ደውላችሁ ነው የምታገኙት። አሥር ደቂቃ የዘገየን ሰው ጥሎ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ባለቤቴን ሊጥለው ለጥቂት ነበር። ቀልድ አያውቅም፤ ካወቀም ውሃ ላይ አይቀልድም። የቅንጦት ማረፊያ ለምትፈልጉም አይሆንም፤ ጂቡቲ ውድ ከተማ ናት፣ እሱ ደግሞ ገንዘባችሁን ከአልጋ ይልቅ ለጥሩ ጀልባ እንድታወጡት ይገፋፋል። ሻርኩ ላይገኝ እንደሚችል በጽሑፍ ያስፈርማል። እኛ ፈርመናል።

የምክሩን ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን ለይቶ ነግሮናል፤ ጂቡቲን ትተን ማፊያን ብንመርጥ ኖሮ የሚያገኘው ያንኑ ብቻ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ሁለቱን እኩል አብራርቶልናል። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ያብዛልህ። የጀልባውን ነጂም ስለ ዓይኑና ስለ ትዕግሥቱ አመስግንልን።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄው እልክላችኋለሁ። ለመጪው ገና የምታስቡ እስከ መስከረም መጨረሻ ብትደውሉለት ጥሩ ነው፤ በአንድ ጀልባ ብዙ ሰው ስለማይጭን ቦታው ቶሎ ይሞላል። ስትደውሉ ፓስፖርታችሁ የየት አገር እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደጠለቃችሁና የመመለሻ በረራችሁን ሰዓት ይዛችሁ ይሁን። በሐምሌ ጂቡቲ ውሰደኝ ብላችሁ ግን አትልፉ፤ እምቢ ይላችኋል።